አሥራ አንድ ባዶ ገጽ

ሸምሶ ለአባቱ የተናገረው እንዲህ ነው፦ እህቱ ሰልሚያ ሐሙስ ማታ ከቤት ልትጠፋ ተዘጋጅታለች። ወንዝ አሻግሮ የሚወስዳት ሰው አግኝታለች። አባቷን ብትጠይቅ እንደማይፈቅዱላት ስለምታውቅ ሳትጠይቅ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትወጣለች። ይህን ማንም አላወራባትም፤ በገዛ እጇ፣ በሰማያዊ ቀለም ጽፋዋለች።

አሚኑ ለሽማግሌዎች የተናገረው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ደብተሩ የንባብ ማስታወሻ ነው። ወንዙ የመጽሐፍ ወንዝ፣ ሐሙሱም የመጽሐፍ ሐሙስ ነው። ልትጠፋ የምትፈልገው ራሜት የምትባል የንጉሥ ልጅ ናት፤ እሷም ብትሆን ገና አልጠፋችም። በእሱና በሰልሚያ መካከል ከመጽሐፍ በቀር አንዳች ነገር የለም፤ ኖሮም አያውቅም።

ሰልሚያ ሁለቱንም የሰማችው በአንድ ቀን ነው። የወንድሟን ስትሰማ ተናደደች፤ ንዴት ደግሞ እያደር የሚበርድ ነገር ነው። የአሚኑን ስትሰማ ግን አንዳች ነገር ደረቷ ላይ ተቀመጠና አልነሣ አለ። አንደኛው ያላደረገችውን አደረገች አላት። ሁለተኛው የነበረውን አልነበረም አለ። የትኛው እንደሚብስ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም።

*

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ቡታጅራ ውስጥ ነው። አባቷ ከጎጃም በመንግሥት ሥራ መጥተው እዚያው የቀሩት ማዕዶት፣ የሰልሚያ ጓደኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የንባብ ክበብ ታዘጋጅ ነበር። ሲጀመር አሥራ አራት ነበሩ። አንድ ቀን ማዕዶት በትንንሽ መጽሐፍ ዕድሜያችንን አንጨርስ ብላ «የዝናብ ሌቦች» የሚባለውን ባለ ስድስት ቅጽ ልቦለድ ይዛ መጣች። እያንዳንዱ ቅጽ ወደ ሰባት መቶ ገጽ ይጠጋል። ደመና የሚሰርቁ ወንበዴዎች አሉበት፤ የሚናገሩ ወንዞች አሉበት፤ ሦስት ጊዜ ሞቶ ሦስት ጊዜ የሚነሣ ጠንቋይ አለበት። አንደኛው ቅጽ ሲያልቅ ከአሥራ አራቱ አምስት ቀሩ። በሁለተኛው፣ ጠንቋዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ፣ መጽሐፉን ያመጣችው ማዕዶት ራሷ ተወችው።

«የሞተ ሰው ሞቶ ካልቀረ እኔ ለማን ነው ያለቀስኩት?» አለች።

ሳያቋርጡ የቀጠሉት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዷ ሰልሚያ ናት፤ በዋናው መንገድ ዳር ባለ የግል መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ደንበኛ እስኪመጣ መሳቢያ ከፍታ መሳቢያው ውስጥ መጽሐፍ ዘርግታ የምታነብ፣ ሰው ሲገባ መሳቢያውን በጉልበቷ የምትዘጋ። ሌላው የሕንፃ ሥራ መምህሩ አሚኑ ነው።

ተስማምተው አያውቁም። አሚኑ መጽሐፍን እንደ ቤት ነበር የሚያነበው፤ የትኛው ምዕራፍ ሸክም እንዳለበት፣ የትኛው ለጌጥ ብቻ እንደቆመ ይነግራታል። እሷ የምታነበው ሰዎቹን ነው። «አንተ ቤቱን አየህ እንጂ ውስጡ የምታለቅሰውን ልጅ አላየሃትም» ትለዋለች። እሱም ቀስ ብሎ፣ እንደ ልማዱ ሦስት ጊዜ አስቦ፣ «ቤቱ ከወደቀ ልጅቷም የምታለቅስበት አይኖራትም» ይላታል። መዋደዳቸውን ያወቁት እንዲህ ሲከራከሩ ነው። ማወቃቸውን ግን አንዳቸውም ለሌላው አልተናገሩም።

አሚኑ ወልቂጤ ባለ አንድ የሙያ ማሰልጠኛ ኮሌጅ ሥራ ሲያገኝ ገና ሦስተኛው ቅጽ ላይ ነበሩ። ሰልሚያ ወፍራም ደብተር ገዛች። የቀኝ ገጽ የእሷ፣ በሰማያዊ ቀለም፤ የግራ ገጽ የእሱ፣ በአረንጓዴ። በየሳምንቱ ደብተሩ በፖስታ ታሽጎ፣ የሁለቱንም ስም በሚያውቅ ሚኒባስ ሹፌር እጅ፣ ጉም የሚለብሰውን ደጋ ተሻግሮ ይሄዳል፤ በዚያው ሳምንት ይመለሳል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰልሚያ ሦስት ሕግ ጻፈች። ስትጽፍ አንዲት እናት የሳል ሽሮፕ ቆመው ይጠብቋት ስለነበር በጥድፊያ ነበር፤ እየሳቀችም ነበር። አንደኛውንና ሁለተኛውን ሕግ ታስታውሳለች፤ ማንም ቀድሞ እንዳያነብ፣ ስለ መጽሐፉ ብቻ እንዲጻፍ። ሦስተኛውን ረስታዋለች።

አሚኑ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ስለሆነ ከመጽሐፉ ውጭ አንድ መስመር ጽፎ አያውቅም። እንዲያውም በአንዳንድ ሳምንት የግራው ገጽ ምንም ሳይጻፍበት ይመለሳል። በእነዚያ ቀናት ሰልሚያ ቅር እያላት፣ ፈተና እያረመ ይሆናል፣ ደክሞት ይሆናል እያለች በራሷ ምክንያት ትሰጠው ነበር።

*

ለምን እንዳልተናገሩ በቡታጅራ ዙሪያ፣ በመስቃን አካባቢ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የአሚኑ ወገኖች እንጨት ጠራቢዎች ናቸው። በገጠሩ ቤት ሲሠራ ጣሪያውን የሚሸከመውን መሐል ምሰሶ ቆርጦ፣ ጠርቦ፣ መርቆ የሚያቆመው ከእነሱ ወገን የሆነ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው ቢያቆመው ቤቱ አይባረክም ይባላል። ቤቱ ከቆመ በኋላ ግን ወደዚያ ምሰሶ አይጠጉም። ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ የሚበሉበትም ዕቃ ለብቻው ነው። የሚጠሩበትን ስም ማንም ፊት ለፊታቸው አይጠራውም፤ ዞር ሲሉ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ከተማ ውስጥ ይህ ልማድ ተረስቷል ይባላል። እውነት ነው፤ የጋብቻ ጥያቄ እስኪመጣ ድረስ ተረስቷል።

የሰልሚያ አባት አቶ አብዶ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ሴት ልጃቸውን ወንዱን ባስተማሩበት ልክ አስተምረዋል፤ መጽሐፍ ስታነብ ድምፃቸውን ቀንሰው ያልፋሉ። አሚኑንም ከንባብ ክበቡ ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል፤ መንገድ ላይ ሲያገኙት ቆመው ሰላም ይሉታል፤ የአባቱንም ጤና ይጠይቁታል። የሚጠይቁት ግን ቆመው ነው። ግባ፣ ተቀመጥ ብለውት አያውቁም።

ሸምሶም ክፉ ወንድም አልነበረም። ነገሩ በፈነዳበት ሳምንት ሰልሚያን ጉንፋን ጥሏት ስለነበር መናኸሪያ ሄዶ ፖስታውን እንዲያመጣላት የለመነችው እሷው ናት። ዝናብ ነበር፤ ፖስታው ርሶ ተቀዷል። ሸምሶ ደብተሩን ሊያደርቅላት ገልጦ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠው። የተገለጠው ምዕራፍ አርባ አንድ ላይ ነበር።

በቀኙ ገጽ በሰማያዊ ቀለም እንዲህ ይላል፦ «ሐሙስ ማታ ወንዙን መሻገር አለባቸው። አባቷ መቼም አይፈቅዱም፤ መጠየቅ ማስጠንቀቅ ነው። እኔ ብሆን ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ውሻው ሳይሰማ በጓሮ እወጣ ነበር። ጀልባ ቀዛፊው ምን ይጠብቃል?»

በግራው በአረንጓዴ፦ «ሐሙስ ማታ አይሆንም። በጓሮ መውጣትም አይሆንም።»

ሸምሶ ከዚያ በታች አላነበበም። ያነበበው በቃው። አባቱ ዘንድ ሄዶ ቀኑን እያስተካከሉ ነው አለ።

*

አሚኑ ከወልቂጤ ተጠርቶ ሲመጣ ሰልሚያ አልነበረችም። ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት በአቶ አብዶ መጋዘን፣ በበርበሬ ጆንያ መሐል ነበር። የሆነውን የነገረቻት ማዕዶት ናት። ደጅ ቆማ ሰምታ፣ በየመሐሉ የሚያስነጥሱትን ሽማግሌዎች ሳይቀር ቆጥራ መጣች።

«ከመጽሐፍ በቀር የለም አለ?» ብላ ሰልሚያ ጠየቀቻት።

«አለ።»

«እንዴት አድርጎ አለው?»

ማዕዶት ትንሽ አሰበች። «መሬት መሬት እያየ» አለች።

ማዕዶት ነገሩን በበጎ ልትተረጉምላት ሞከረች። ምናልባት ሊያድንሽ ብሎ ይሆናል፣ ሌላ ቢናገር ነገ ከቤት አያስወጡሽም ነበር አለች። ሰልሚያ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተናገረ ሰው መጀመሪያ የተናገረው ቃል «የለም» የሚል መሆኑን ብቻ ነበር የምታስበው። ራሜት የምትወደውን ጀልባ ቀዛፊ ትጠብቀዋለች፣ ትጠብቀዋለች፤ እሱ ግን ገመዱን እየፈተለ ይቀመጣል። አንባቢ ሁሉ በዚህ ቦታ ላይ ቀዛፊውን ይረግመዋል። ሰልሚያ ሦስት ሳምንት በሰማያዊ ቀለም ረግማው ነበር።

አቶ አብዶ በማግስቱ ያሏት አጭር ነው። እሑድ በገጠሩ ቤት፣ አያቷ በሠሩት ቤት፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። እሷም በሽማግሌ ፊት «መጽሐፍ ነው፤ ያ ሰው ለእኔ ምንም አይደለም» ብላ ትናገራለች። ከዚያ በኋላ ሥራዋ ሥራዋ ነው፤ መጽሐፏም መጽሐፏ ነው፤ ማንም አይነካትም። ካልተናገረች ግን ከቤት አትወጣም፤ ከቆሼ ከተማ ለጋብቻ የሚጠይቃት ነጋዴም አለ፣ ቀደም ብለው እንቢ ያሉትን ሰው መልሰው ያነጋግሩታል።

ቅዳሜ ከሰዓት ከእናቷ ጋር ግቢ ውስጥ የበርበሬ ዛላ እየቀነጠሱ ነበር። እናቷ ሳሌሃ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው።

«ራሱ የለም ካለ፣ አንቺ የለም ብትዪ ምን ይጎድልሻል?» አሉ ቀና ሳይሉ። «ቃል ነው። ተናግረሽ ትወጫለሽ።»

«ራሱ የለም ስላለማ ነው፣ እማዬ» አለች ሰልሚያ። «እሱ አለ ቢል ኖሮ የለም ማለት ይቀለኝ ነበር።»

እናትየው ቀና ብለው አዩዋት። ልጅቷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። በርበሬው ነው አለች። ሳሌሃም የእሳቸውን ጠረጉ፤ አዎ፣ የዘንድሮ በርበሬ ኃይለኛ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ዛላ ቀነጠሱ፤ ሁለቱም ግን ስለ አንድ ነገር እያለቀሱ እንደነበር ያውቃሉ።

*

የአያቷ ቤት ምሰሶ ሁለት ሰው ተያይዞ የሚያቅፈው ነው። አምሳ ዓመት አልፎት አልጎበጠም፤ አቶ አብዶ እንግዳ በመጣ ቁጥር በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ይኩራሩበታል። እሑድ ዕለት አራቱ ሽማግሌዎች ከሥሩ ተቀመጡ። ሰልሚያ ከእናቷ ጋር ከግድግዳው ሥር ሆነች። አሚኑ ከበሩ አጠገብ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከሷ ጋር ዓይን ለዓይን አልተገናኘም። እሷም ልትገናኝ አልፈለገችም።

ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ሐጂ ሰይፉ ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ ደብተሩን አስመጡ። በዚያ አገር ፍርዳቸው ረዥም እንደሆነ ይታወቃል፤ ለአንድ በግ ጉዳይ ሦስት ቀን የተቀመጡ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ሸምሶ እንዲያነብላቸው አዘዙት። ሸምሶ ምልክት ያደረገበትን ምዕራፍ አርባ አንድን ገለጠ።

«ከመጀመሪያው» አሉ ሐጂ ሰይፉ።

«ሐጂ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ነው።»

«ልጄ፣ መሐል ላይ የተያዘ ነገር ምስክር አይሆንም። ከመጀመሪያው አንብብ። ቀኑ ረዥም ነው።»

ሸምሶ ተንፍሶ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰና ማንበብ ጀመረ። «አንደኛ፦ ማንም ቀድሞ አያነብም። ያነበበ፣ ያነበበውን አይናገርም። ሁለተኛ፦ ስለ መጽሐፉ ብቻ ይጻፋል። ሦስተኛ፦ ከመጽሐፉ ያልሆነ ነገር በልብህ መጥቶ አልወጣ ካለህ፣ ገጹን ባዶ ተወው። አትቅደደው።»

ሰልሚያ ራሷ ጽፋው እንግዳ ሆነባት። የሳል ሽሮፕ የጠበቁት እናት ትዝ አሏት፤ ምን ያስቅሻል ልጄ ያሏትም ትዝ አላት።

ንባቡ ቀጠለ። ሸምሶ መጀመሪያ እንደ ክስ ወረቀት ነበር የሚያነበው። ሦስተኛው ቅጽ ላይ የተናጋሪው ወንዝ ነገር ሲመጣ ድምፁ ተለወጠ። ጠንቋዩ ሲሞት ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እሰይ» አሉ። ከሁለት ገጽ በኋላ ሲነሣ እኚያው ሽማግሌ «ይሄማ ማጭበርበር ነው» ብለው ተቆጡ፤ ሐጂ ሰይፉ ጉዳዩ የጠንቋዩ እንዳልሆነ ማሳሰብ ነበረባቸው። ሰማያዊው ያለቅሳል፣ ይቆጣል፣ ይረግማል፤ አረንጓዴው ቀስ ብሎ፣ ገጽ እየጠቀሰ ይመልሳል። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳያስበው ወገን ለየ።

ሸምሶ አንድ ገጽ ላይ ደረሰና ቆመ። «እዚህ ግራው ባዶ ነው» አለ። «ልለፈው?»

«ያለውን ሁሉ ንገረን ብለንሃል። ባዶ ከሆነም ባዶ ነው በል። ቀኑስ?»

«የሰልሚያ ገጽ ቀን አለው። ከአረፋ በኋላ ያለው ሳምንት ነው።»

በአረፋ አሚኑ ከወልቂጤ ወደ ቤተሰቡ መጥቶ ነበር። መስጊዱ አጠገብ ባለው መንገድ በወዲያና በወዲህ ማዶ ተላለፉ፤ እሷ ከእናቷ ጋር ነበረች፣ እሱ ከአባቱ ጋር። አንገቱን እንኳ አልነቀነቀም። በሳምንቱ ደብተሩ ባዶ ሆኖ ሲመጣ ፈተና እያረመ ይሆናል ብላ ነበር።

«ባዶ» አለ ሸምሶ ጥቂት ገጾች ቆይቶ።

ይኼ ማዕዶት የቆሼውን ነጋዴ ነገር ለአሚኑ የነገረችበት ሳምንት ነው።

«ባዶ።»

ይኼ መድኃኒት ቤቱ አራት ቀን ተዘግቶ፣ ታማለች የተባለችበት ነው።

«አሁንም ባዶ።»

ሰልሚያ መቁጠር ጀመረች። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ በጣቷ ትቆጥር ነበር፤ ጣቷ አልቆ ከአውራ ጣቷ እንደገና ጀመረች። ሕግ አክባሪው ሰው አንድም መስመር ከመጽሐፉ ውጭ አልጻፈም። አንድም ገጽ አልቀደደም። የነገራትን ሁሉ በሰጠችው ሕግ ነግሯታል፤ ያላነበበችው እሷ ናት። ሰው ሁሉ ማንበብ የምትችል ልጅ የሚላት ሰልሚያ፣ የሰው ልብ ይዘው ከመጡት ገጾች አንዱንም አላነበበችም።

ሸምሶ ምዕራፍ አርባ አንድ ላይ ደርሶ ያን የታወቀውን ገጽ አነበበ። ሐሙስ ማታ። ጓሮ። ጫማ በእጅ። አቶ አብዶ መሬቱን ያያሉ። ሸምሶ ወደ አረንጓዴው ዞረ፤ «ሐሙስ ማታ አይሆንም። በጓሮ መውጣትም አይሆንም» ብሎ አነበበና ሊያቆም ሲል ሐጂ ሰይፉ በእጃቸው ቀጥል አሉት። በዚያ ዝናብ ቀን ያላነበበውን ቀጠለ።

«ራሜት በጓሮ ብትወጣ ያመለጠችው እሷ ብቻ ናት። የፊተኛው በር እንደተዘጋ ይቀራል፤ ከኋላዋ የምትመጣ ሌላ ልጅም ጫማዋን በእጇ ትይዛለች። ቀዛፊው የሚጠብቀው ፈርቶ አይደለም። የሚወዳትን ሰው እንደ ሌባ መውሰድ ስለማይፈልግ ነው። ስለ መጽሐፉ ነው የምጽፈው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሸምሶ ሁለት ጊዜ አነበባት፤ ለምን እንደደገማት እሱም አላወቀም። ከዚያ ገጹን ገልጦ የሰልሚያን የመጨረሻ ገጽ አነበበና ወደ ግራው ዞረ።

«ባዶ» አለ በቀስታ። ደብተሩንም ዘጋ።

አሥራ አንድ።

ሰልሚያ ቀና ስትል አሚኑ እያያት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አልመለሰም። የለም ብሎ የተናገረው አፉ ዛሬም ዝም ብሏል፤ ዓይኑ ግን እንደነዚያ ገጾች ነበር፤ ባዶ የሚመስለው ለማያነበው ሰው ብቻ ነው።

*

ሐጂ ሰይፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ ሰልሚያ፣ ወንድምሽ ልትጠፊ ነው ይላል። ይህ ልጅ ከመጽሐፍ በቀር የለም ይላል። ሁለቱም በሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል ነው፤ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። የቱን እንያዝ?»

አቶ አብዶ ቀድመው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ የተነጋገርነውን ተናገሪና ወደ ቤታችን እንሂድ አሏት። የእናቷ እጅ ጉልበቷ ላይ ነበር። መናገር የነበረባት ሰባት ቃል ነው፤ ሌሊቱን ስትለማመደው አድራለች፤ ከነሥራዋ፣ ከነመጽሐፏ፣ ከነሰላሟ ወደ ቡታጅራ የሚመልሳት ሰባት ቃል።

ተነሥታ ቆመች።

«ሁለቱም እውነት አይደሉም፣ ሐጂ። ሸምሶ ያነበበው የመጽሐፍ ነገር ነው። እኔ አልጠፋም፤ ልጠፋም አስቤ አላውቅም። አሚኑም የተናገረው እውነት አይደለም። እኔን ሊያድን ብሎ ነው የዋሸው። ማዳኑን አልፈልገውም።»

አቶ አብዶ ስሟን ጠሩ። ከዚህ በፊት ስሟን እንዲያ ጠርተውት አያውቁም።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ እስኪረጋ ጠበቀችው። «ይህን ምሰሶ ማን ነው ያቆመው?»

ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው ምሰሶውን አዩት፤ አምሳ ዓመት ከሥሩ የተቀመጡበትን አዲስ ዕቃ እንደሚያዩ አዩት። አቶ አብዶ ሐቀኛ ሰው ናቸውና ጥያቄውን መሸሽ አልቻሉም።

«አያቱ ናቸው» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ በሩ ሳያዩ።

«ይኸው ስንት ዓመት ይሸከመናል። ልጅ ሳለሁ ስታስደግፈኝ ‹አይዞሽ፣ አይወድቅም› ትለኝ ነበር። ያቆሙት ሰው እጅ ያን ያህል የሚታመን ከሆነ፣ የልጅ ልጃቸው ለምን በሩ ላይ እንደሚቀመጥ አስረዳኝ። ካስረዳኸኝ የፈለግከውን እናገራለሁ።»

ሸምሶ ተይ በቃሽ ሊላት አፉን ከፈተ፤ ደብተሩ ግን እጁ ላይ ነበር፤ አፉን መልሶ ዘጋ። አቶ አብዶ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ለልጃቸው ሊነግሯት የሚችሉት ሁሉ፣ የአባቶቻቸው ልማድ መሆኑ፣ የሰው አፍ መሆኑ፣ እሳቸውም ያላወጡት ሕግ መሆኑ፣ ምላሳቸው ላይ ደርሶ ሲመለስ ይታይ ነበር። አንዱም ከዚያ ምሰሶ ሥር ተቀምጠው የሚናገሩት አልሆነላቸውም።

ሰልሚያ ወደ በሩ ዞረች። አሚኑ ከበርጩማው ተነሥቶ ቆሟል።

«ሦስት ሳምንት ራሜት ወንዙን ትሻገር ብዬ ተከራከርኩህ» አለችው። «አልሸነፍም ብዬ ነበር። ዛሬ አሸንፈኸኛል። አሥራ አንዱንም አነበብኳቸው፤ ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ።»

አሚኑ እንደ ልማዱ ሦስት ጊዜ ሊያስብ ሞከረ፤ አልተሳካለትም። «የለም ያልኩት ውሸት ነው» አለ ለሽማግሌዎቹ፣ መሬቱን ሳያይ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞሮ አየው።

ሳሌሃ ከግድግዳው ሥር ተነሡ። መጥተው ከልጃቸው አጠገብ ቆሙ፤ ያ ብቻ ነው ያደረጉት። ሰልሚያ የእናቷ ትከሻ ትከሻዋን ሲነካው የቀረው ፍርሃቷ ወጥቶ ሄደ። ወደ አባቷ ዞረች፤ ድምፅዋ አሁን አይንቀጠቀጥም።

«አባዬ፣ ነገ ሰኞ ሥራዬ እገባለሁ፤ በሩን ብትቆልፈው እስኪከፈት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ እንጂ በጓሮ አልወጣም። የቆሼውን ሰውዬ አላገባም። የጋብቻ ውሌን፣ ኒካሄን፣ የምታስረው አንተ ነህ፤ ያላንተ አልሄድም፤ እሺ እስክትል አንድ ዓመትም አሥር ዓመትም እዚሁ ፊትህ እቀመጣለሁ። የማገባው ግን አሚኑን ነው። በቀን፣ በዚህ በፊተኛው በር፣ ጫማዬን አድርጌ።»